ዋንጫውን ማን ይወስዳል? ስለ ግምትና ስለ ግምት ዋጋ

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው የእግር ኳስን ጨዋታ ምናልባት አያውቀው ይሆናል። ነገር ግን በዋንጫ ጨዋታ ዋዜማ በሐይቅ ከተማ ወይም በአምባሰሏ ውጫሌ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ተረቱ በየሻይ ቤቱ በር ሲፈጸም ባየ ነበር። ጨዋታው ገና ነገ ነው፤ በረኛው ጓንቱን አላጠለቀም፤ ዳኛውም ፊሽካውን አልነፋም። ጎፈሬው ግን ከዛሬ ተበጥሮ አድሯል።

አንዱ «ሁለት ለባዶ» ይላል። ሌላው «ሦስት ለአንድ፣ ያውም ከዕረፍት በፊት» ሲል ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ግቡን የሚያገባውን ሰው ስም፣ የሚያገባበትን እግር፣ ከዚያም አልፎ ደቂቃውን ጭምር ይናገራል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሐይቅ ከተማ እንዲህ ያለው ክርክር ሲጋጋል ቆመን ስናዳምጥ፣ ከወጣቶቹ አንዱ በአጠገባቸው ሻይ ወደሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብሎ፣ «አባባ፣ እርስዎስ ነገ ማን ያሸንፋል ይላሉ?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌውም ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «አብሽር ልጄ፣ ግብ ያበዛው ነዋ!» አሉት። ሁሉም ሳቀ።

ሳቁ ደግ ነው። ሆኖም ሽማግሌው ያሉት ቃል ሁሉን ነገር የሚዘጋ አይደለም። ነገን ማወቅ ባይቻልም ነገን መገመት ግን ይቻላልና። የአምባሰል ገበሬ የሰማዩን ፊት፣ የነፋሱን አነፋፈስና ያለፉትን ዓመታት ክረምት አመዛዝኖ ይዘራል። ዝናቡ እንደሚመጣ በእርግጥ አያውቅም፤ ይገምታል። ግምቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ልንጠይቅ የሚገባን «መገመት ይገባል ወይስ አይገባም?» ብለን ሳይሆን፣ «ጥሩ ግምት ከመጥፎ ግምት በምን ይለያል? ዋጋውስ ምን ያህል ነው?» ብለን ነው። ይህም ጥያቄ፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ዛሬ የብዙ ወጣቶችን ኪስና ኑሮ የሚነካ ሆኗል።

ለነገሩ መግቢያ የሚሆን ምሳሌ ፍለጋ ከአምባሰል መውጣት አያስፈልገንም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ እንዴት እንደ ተጣመመ ሁሉም ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚቻላቸው አማርኛው ሲናገር፣ ኢጣሊያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። «ይቻላል» እና «ግድ ነው» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በመጨረሻ እስከ ዓድዋ አደረሰ።

በኳስ ሜዳም የሚያጣላን ይኸው ልዩነት ነው። «ይህ ቡድን ሊያሸንፍ ይችላል» ማለት ግምት ነው። «ይህ ቡድን ያለ ጥርጥር ያሸንፋል» ማለት ግን ትንቢት ነው፤ ትንቢትም ለነቢያት የተሰጠ እንጂ ለቲፎዞ የተሰጠ አይደለም። አብዛኛው ሰው በልቡ የመጀመሪያውን ያስብና በአፉ ሁለተኛውን ይናገራል። በገንዘቡ የተወራረደ እንደ ሆነም የሚከፍለው ለሁለተኛው ነው።

እንግዲህ ነገሩን በእውነተኛ ታሪክ እንመርምረው። ከወሎ ተነሥተን ወደ አዲስ አበባ፣ ከዛሬም ወደ 1954 ዓ.ም. እንሂድ። በዚያ ዓመት ጥር ወር ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በአዲስ አበባ ተደረገ። የተወዳደሩት አገሮች አራት፣ ማለትም ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። ለመጨረሻው ጨዋታ የደረሱት ኢትዮጵያና ግብፅ ሲሆኑ፣ ጨዋታው የተወሰነው እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ማለት ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን ነበር።

አንባቢያችን በዚያ የቅዳሜ ማታ ሚዛን ይዞ ተቀምጧል እንበል። በግብፅ በኩል ምን ያስቀምጣል? በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረትታለች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛው ውድድርም እንደ ገና 4 ለ 0 ረትታለች። ሁለቱንም ዋንጫ የወሰደችው እርሷው ናት። እንግዲህ በሁለት ጨዋታ ስምንት ግብ ገብቶብናል፤ እኛ ያገባነው አንድም የለም። በመዝገብ ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን አጥፎ በጊዜ በተኛ ነበር።

በኢትዮጵያ በኩል የሚቀመጠው ግን ባዶ አልነበረም። አንደኛ፣ ጨዋታው በገዛ አገራችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ አይደለችም፤ ከዚያም በላይ ናት፤ ከዝቅተኛ አገር የመጣ እግረኛም ትንፋሹ እዚህ ቶሎ ያጥረዋል። ሦስተኛ፣ የእኛ ቡድን ግማሽ ፍጻሜውን የተጫወተው ጥር 6 ቀን ስለ ሆነ አንድ ሙሉ ሳምንት ዐርፏል። ግብፅ ግን ዩጋንዳን 2 ለ 1 የረታችው በከተራው ዕለት፣ ጥር 10 ቀን ነው። አራተኛውና ትልቁ ነገር ደግሞ ልብ ነው፤ ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው በቱኒዚያ 2 ለ 0 ከተመራች በኋላ ተነሥታ 4 ለ 2 አሸንፋለችና።

እኛ በዚያ ማታ ሚዛኑን ብንይዝ ኖሮ ምን እንል ነበር? ውጤቱን ዛሬ አውቀን ሳይሆን እንደ ዋዜማው ሰው ሆነን ብንፈርድ፣ ሚዛኑ ወደ ግብፅ በጥቂቱ ባዘነበለ ነበር። በጥቂቱ ብቻ ነው። የመዝገብ ሰው «ግብፅ ያለ ጥርጥር» ሲል፣ የአገር ፍቅር ያሰከረው ደግሞ «ኢትዮጵያ ያለ ጥርጥር» ይል ነበር። ሁለቱም «ይቻላል» በሚለው ፈንታ «ግድ ነው» ያሉ ናቸው።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አገባ። ሰዓቱ እየሄደ 74ኛው ደቂቃ ደረሰ፤ ግርማ ተክሌ አገባና አንድ ለአንድ ሆነ። ሕዝቡ ጮኾ ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ በደዊ ሁለተኛውን ጨመረ። ያን ጊዜ የቀረው አንድ ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር። በዚያች ደቂቃ ላይ ለግብፅ ያልፈረደ ገማች ቢኖር ከግምቱ ይልቅ ምኞቱ የበለጠበት ሰው ነው። ነገር ግን በ84ኛው ደቂቃ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ፤ ሁለት ለሁለት። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሸጋገረ። በ101ኛው ደቂቃ የአምበሉ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት። አራት ለሁለት! በአሠልጣኙ በይድነቃቸው ተሰማ የተመራው ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ታዲያ በዋዜማው ሚዛኑን ወደ ግብፅ ያዘነበለ ገማች ተሳስቷልን? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ከመቶ 55 ጊዜ ግብፅ ታሸንፋለች ያለ ሰው፣ 45 ጊዜ ዋንጫው የኢትዮጵያ እንደሚሆን በዚያው አፉ ተናግሯል ማለት ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ አይቶ «ግምትህ ሐሰት ነበር» ሊለው የሚችል የለም። «ያለ ጥርጥር» ያለው ሰው ግን ያለ ጥርጥር ተሳስቷል።

ይህንም የሚያረጋግጥ ሌላ ታሪክ ከስድስት ዓመት በኋላ መጣ። በ1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውድድሩን እንደ ገና አዘጋጀች። በምድቧ ዩጋንዳን፣ አይቮሪ ኮስትንና አልጄሪያን በተከታታይ ረታች፤ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል። አሁን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ነገር ግን በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፋን ሄደች፤ ዋንጫውንም እርሷው ወሰደች። በ1954 ዓ.ም. መዝገቡን የገለበጠው የኳስ ጠባይ፣ በ1960 ዓ.ም. የእኛኑ ተስፋ ገለበጠው።

የኳስ ጠባይ ያልነው ምንድን ነው? በእግር ኳስ ግብ ብርቅ ነው። በቅርጫት ኳስ አንድ ቡድን በጨዋታ ወደ መቶ የሚጠጋ ነጥብ ሊያገባ ስለሚችል ብርቱው ብርታቱን ለማሳየት ብዙ ዕድል አለው። በእግር ኳስ ግን ሁለት ወይም ሦስት ግብ ሁሉን ይወስናል። አንድ ኳስ ብረት ነክቶ ከተመለሰ፣ አንድ በረኛ እግሩ ካዳለጠው፣ የዘጠና ደቂቃ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ይህን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ፑዋሶን፣ አልፎ አልፎ የሚደርሱ ነገሮች ስንት ጊዜ ሊደርሱ እንደሚችሉ የሚያሰላ ቀመር ትቶልናል። አንዱ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 2 ግብ፣ ሌላው 1 ግብ የሚያገቡ ቢሆኑ፣ ማለት አንዱ በግብ እጥፍ ቢበልጥ፣ በዚህ ቀመር መሠረት ብርቱው ከመቶ ጨዋታ የሚያሸንፈው 61 ያህሉን ነው። 21 ያህሉ በእኩል ያልቃል። በ18ቱ ግን ደካማው ያሸንፋል። እጥፍ የሚበልጥ ቡድን እንኳ ከአምስት ጨዋታ በሁለቱ ያህል ሳያሸንፍ ይወጣል ማለት ነው። ለዋንጫ የሚደርሱ ቡድኖች ደግሞ ይህን ያህል መበላለጣቸው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህን የዘነጋ ጋዜጣም ሳይቀር አፍሮበታል። ሐምሌ 9 ቀን 1942 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮው ማራካና ሜዳ ብራዚል ከኡራጓይ ጋር ስትጋጠም የዓለምን ዋንጫ ለመውሰድ እኩል መውጣት ብቻ ይበቃት ነበር። ከዚያ በፊት ስዊድንን 7 ለ 1፣ ስፓኝን 6 ለ 1 ረትታለች። ስለዚህ አንድ የከተማው ጋዜጣ ጨዋታው ሳይጀመር የብራዚልን ተጫዋቾች ሥዕል የዓለም አሸናፊዎች ብሎ አትሞ አወጣ። ኡራጓይ ግን 2 ለ 1 ረታች። ጎፈሬው ከአደኑ ቀደመ ማለት ይህ ነው። እኛም የጋዜጣ ሰዎች ስለ ሆንን ይህን ታሪክ የምንናገረው ብዕራችንን እየጠበቅን ነው።

እንግዲህ በሐይቅ ወይም በውጫሌ ሜዳ ላይ ሁለት የቀበሌ ቡድኖች ለዋንጫ በሚቀርቡበት ጊዜ ገማቹ ምን መመልከት ይገባዋል? እኛ አራት ነገሮችን እንመክራለን።

አንደኛው፣ ያለፈውን ውጤት ሲመለከት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ይይ። ከሦስት ዓመት በፊት የተረታው ቡድን ዛሬ ያው ቡድን ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ የማን ሜዳ ነው? ተመልካቹስ የማን ነው? በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በጀርመን አገር ጨዋታዎች ያለ ተመልካች ሲደረጉ፣ ባለ ሜዳዎቹ የነበራቸው ብልጫ ቀንሶ ታይቷል። የሕዝብ ጩኸት ተጫዋቹን ያበረታል፤ ዳኛውንም ሳይታወቀው ይገፋዋል።

ሦስተኛው፣ የአገሩ አየርና የሰውነት ድካም ነው። በ2001 ዓ.ም. መጋቢት ወር ማራዶና ያሠለጥነው የነበረው፣ ሜሲም የተሰለፈበት የአርጀንቲና ቡድን ከ3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በላፓዝ ከተማ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተረትቷል። ከቆላ ወጥቶ በወሎ ደጋ የሚጫወት ቡድንም ይህን አይርሳ። አራተኛው፣ ማን ይሰለፋል? የአንድ በረኛ መታመም የአሥር ጨዋታ መዝገብ ያፈርሳል። ይህን ሁሉ ከመዘነ በኋላ ገማቹ «እነዚህ ያሸንፋሉ» ብሎ ብቻ አይተው፤ «ከመቶ ስንት ጊዜ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ የለመደ ሰው ብዙ አይጮኽም።

የአንድ ቀን ጨዋታ ከሊግ ውድድር የሚለይበትንም ማወቅ ይጠቅማል። በሊግ ብዙ ጨዋታ ስላለ የአንድ ቀን ዕድል በሌላው ቀን ይካካሳል፤ ስለዚህ ብርቱው ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ሆኖም እዚያም ቢሆን ገማቹ አይኩራ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የ2014ንና የ2015ን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በተከታታይ ከወሰደ በኋላ፣ የ2016ን ዋንጫ ያነሣው በዚያው ዓመት ከታችኛው ሊግ የወጣው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበር።

«ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያውቅ ሰው አለ» የሚሉ አይጠፉም። በ2002 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ጊዜ ፓውል የተባለ በጀርመን አገር የሚኖር ኦክቶፐስ፣ ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ፣ ፍጻሜውን ጨምሮ የስምንት ጨዋታዎችን አሸናፊ በትክክል «ነግሮ» ዓለምን አስደንቋል። ምሥጢሩ ግን ሩቅ አይደለም። 256 ሰዎች በሐይቁ ዳር ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ስምንት ጊዜ ሳንቲም ወደ ላይ ቢወረውሩና ዘውድ ወይም ጎፈር እያሉ ቢገምቱ፣ ከመካከላቸው አንዱ ያህል ስምንቱንም ሊያገኝ ይችላል። ያን ሰው ነቢይ ብለን እንከበዋለን፤ የቀሩትን 255ቱን ግን ማንም አያስታውሳቸውም። በየሰፈሩ «እኔ ብዬ ነበር» የሚለውም ሰው እንዲሁ ነው፤ ያገኘውን ይቆጥራል፤ የሳተውን ይረሳል።

እስካሁን የተናገርነው ለጨዋታ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደርሰናል። ግምት በሻይ ቤት በር ላይ ሲቀር ከሻይ ዋጋ በላይ አያስከፍልም። ወደ ውርርድ የሄደ እንደ ሆነ ግን የሳምንት የቀን ሥራ ገንዘብ፣ ለቤት ዘይት የተቀመጠ ብር፣ አንዳንድ ጊዜም ለትምህርት የተላከ ክፍያ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሒሳቡን በግልጽ እናሳይ።

ለአንድ ጨዋታ ወጣቶቹ «ኦድ» የሚሉት ማባዣ ቁጥር ለአንዱ ቡድን 1.80፣ ለእኩል 3.40፣ ለሌላው ቡድን 4.00 ነው እንበል። ምንም ቢመጣ 100 ብር እንዲደርሰው የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ላይ 55 ብር ከ56 ሳንቲም፣ በሁለተኛው ላይ 29 ብር ከ41 ሳንቲም፣ በሦስተኛው ላይ 25 ብር ማስያዝ አለበት። ድምሩ ወደ 110 ብር ይሆናል። 110 ብር ከፍሎ 100 ብር ይቀበላል ማለት ነው። ልዩነቷ የአወራራጁ ናት፤ ማንም ቢያሸንፍ እርሷ አትሸነፍም። ተወራራጁ ሁልጊዜ ከአወራራጁ የበለጠ ዐዋቂ ካልሆነ በቀር በረዥሙ ጊዜ ገንዘቡ እየሳሳ ይሄዳል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙ ጨዋታ በአንድ ቲኬት መደርደር ነው። ቀደም ሲል ያልናቸውን ከመቶ 61 ጊዜ የሚያሸንፉ ብርቱ ቡድኖች አምስት አድርገን በአንድ ቲኬት ብንጽፍ፣ አምስቱም አብረው የሚያሸንፉት ከመቶ 8 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። አሥር ብናደርጋቸው ከሺህ 7 ጊዜ ይሆናል። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ብዙ ሺህ ብር ያማልላል፤ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። «በአንድ ጨዋታ ብቻ ተበላሁ» እያለ የሚቆጭ ወጣት በየሰፈሩ አለ። የተበላው በአንዱ ጨዋታ አይደለም፤ በማባዛቱ ነው። ለጥቂት የሳተ የመሰለውም ሰው ሌላ ቲኬት ይገዛል፤ ያም ሌላውን ይወልዳል።

ከላይ ያነሣነውን የአምባሰል ገበሬ አሁን ደግመን ብንመለከተው ጥበቡ ይገባናል። ሰማዩን አይቶ ይገምታል፤ ነገር ግን ክረምቱ ቢከዳው ቤተሰቡ እንዳይራብ ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን አይበትንም፤ ከጎተራውም ያስቀራል። ግምቱን ያከብራል፤ ኑሮውን ግን በግምት ላይ አያቆምም።

ስለዚህ ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶች፣ እንዲሁም ይህን ለሚያነቡ ሁሉ የምንለው ይህ ነው። ገምቱ፤ ተከራከሩ፤ ሻይም አስይዙ። የኳስ ደስታ ግማሹ በዋዜማው ነውና። በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ወደ ስታዲየም የሄደው ሕዝብ ውጤቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ፣ የ84ኛው ደቂቃ ግብ እንዲያ ባላዘለለው ነበር። ያ ሁሉ ደስታ የተገኘው ማንም በእርግጥ ባለማወቁ ነው። አለማወቃችን የጨዋታው ጌጥ ሆኖ ሳለ፣ እንደሚያውቅ ሰው ሆነን የልጅ ዳቦ ብናስይዝበት ግን ጌጡ ዕዳ ይሆናል።

የሚቀጥለውን ዋንጫ ማን ይወስደዋል ብላችሁ ብትጠይቁን፣ ሚዛናችንን አውጥተን ከመቶ ይህን ያህል ለዚህ፣ ይህን ያህል ለዚያ ብለን በደስታ እንመልሳለን። «ያለ ጥርጥር» የሚል ቃል ግን ከእኛ አትጠብቁ።